ቄቦቼ አምስት ወር ተኩል ሞላቸው፤ እንቁላል ግን የለም

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ የሐዋሳ ከተማ ነዋሪ ነኝ። በጓሮዬ 12 የሳሶ ቄቦች አሉኝ። የገዛኋቸው የ45 ቀን ናቸው ተብዬ ሲሆን፣ በሻጩ አቆጣጠር አሁን አምስት ወር ተኩል ሞልቷቸዋል። ፉርሽካ፣ የተፈጨ በቆሎና ከቤት የሚተርፍ እንጀራ እሰጣቸዋለሁ። እስካሁን ግን አንድም እንቁላል አላየሁም። ጎረቤቶቼ አውራ ዶሮ ካልገባላቸው አይጥሉም ይላሉ፤ መኖ የሚሸጡልኝ ሰው ደግሞ በውሃ የሚበጠበጥ መድኃኒት ስጪያቸው ብለውኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዶሮ እንቁላል ለመጣል አውራ አያስፈልጋትም። አውራ የሚያስፈልገው እንቁላሉን አስታቅፎ ጫጩት ለማስፈልፈል ለሚፈልግ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ ብለው ገንዘብ አያውጡ።

አምስት ወር ተኩል ለሳሶ ዘገየ የሚባል አይደለም። ለእንቁላል ተብሎ የተዳቀለው ቦቫንስ ብራውን በሚገባ ከተያዘ አምስተኛው ወር ግድም መጣል ይጀምራል፤ ሳሶ ግን ለሥጋም ለእንቁላልም የሚረባ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይዘገያል፤ የሀበሻ ዶሮ ደግሞ ስድስትና ሰባት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትቆያለች። ሻጩ የነገረዎት ዕድሜም ልክ ላይሆን ስለሚችል፣ ቀን ከመቁጠር የዶሮዋን አካል መመርመር ይሻላል። ማታ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ አንዷን በቀስታ አንሥተው እንቁላል መውጫዋን ግራና ቀኝ በጣትዎ ቢዳስሱ፣ ሾጠጥ ያሉ ሁለት የዳሌ አጥንቶች ያገኛሉ። በመካከላቸው የሚገባው አንድ ጣት ብቻ ከሆነ ገና ናት፤ ሁለት ወይም ሦስት ጣት ከገባ፣ ኩክኒዋም ገርጥቶ የነበረው ደማቅ ቀይ ከሆነ ጊዜዋ ደርሷል። እንዲህ ያለችው ዶሮ ሰው ሲጠጋት መሸሽ ትታ ክንፏን ከፈት አድርጋ ከመሬት ትለጠፋለች።

ከዕድሜው ይልቅ እኛን ያሳሰበን መኖው ነው። ፉርሽካ፣ በቆሎና እንጀራ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ለእንቁላል የሚሆን በቂ ፕሮቲን የላቸውም፤ እንቁላል ጣይ ዶሮ በመኖዋ ውስጥ ከመቶ 16 ወይም 17 እጅ ያህል ፕሮቲን ያስፈልጋታል፣ በቆሎ ግን ከዚህ ግማሽ ያህሉን ብቻ ነው የያዘው። ከተቻለ የተዘጋጀ የቄብ መኖ ይግዙ፤ ካልተቻለም ከሚሰጡት ላይ የኑግ ፋጉሎ ይጨምሩ። የሻገተ በቆሎና ጨው የበዛበት የወጥ ትራፊ ግን ፈጽሞ አይስጧቸው። ኩክኒያቸው መቅላት ሲጀምር ወደ እንቁላል ጣይ መኖ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሻግሯቸው፤ ለአንዲት ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ይበቃታል። ይህን መኖ ከጊዜው ብዙ አስቀድሞ መስጠት ያፈጥናል የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ለቅርፊት ተብሎ የተጨመረበት ካልሲየም ያልደረሰችን ቄብ ኩላሊት ይጎዳል። መጣል ሲጀምሩ ግን ታጥቦ፣ ታምሶና ደቅቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በተለየ ዕቃ ቢያስቀምጡላቸው እያንዳንዷ የሚያስፈልጋትን ያህል ትለቅማለች።

ብርሃንም ድርሻ አለው። በአገራችን ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል እኩል ሲሆን፣ እንቁላል ጣይ ዶሮ ግን 14 ሰዓት ያህል ብርሃን ብታገኝ በተሻለ ትጥላለች። ስለዚህ አካላቸው መድረሱን ካረጋገጡ በኋላ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እየጨመሩ፣ በመጨረሻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ አምፖል ሊያበሩላቸው ይችላሉ። ምሽት ላይ ከመጨመር ንጋት ላይ መጨመር ይመረጣል፤ ማታ መብራቱ ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ጨለማው ይይዛቸዋልና። ላልደረሱ ቄቦች ብርሃን ማብዛት ግን የእንቁላል መውጫው እንዲገለበጥ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል መቸኮል አይገባም።

መድኃኒቱን በሚመለከት አቋማችን ጥብቅ ነው። ጤነኛ ዶሮ እንድትጥል ተብሎ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ጥቅም የለውም፤ ቅሪቱ ወደ እንቁላሉ ገብቶ የቤተሰብዎን ጤና ሊጎዳ ይችላል፣ ተሕዋስያኑንም መድኃኒት ያለማምዳል። በዚያ ገንዘብ ይልቅ የፈንግል ክትባታቸው ጊዜው አልፎ እንደሆነ በአካባቢዎ የእንስሳት ክሊኒክ ጠይቀው፣ መጣል ሳይጀምሩ ያስከትቧቸው።

ለ12 ዶሮ ጭድ የተነጠፈባቸው፣ ጨለም ባለ ጥግ የተቀመጡ ሦስት የመጣያ ሣጥኖች ይበቃሉ። ቄቦቹ ቀን ቀን የሚለቀቁ ከሆነ አጥር ሥርና ቁጥቋጦ ውስጥ መፈለግዎን አይርሱ፤ መጣል ጀምረው ባለቤታቸው ሳያውቅ የሚከርሙ ዶሮዎች ጥቂት አይደሉም። ከተጠራጠሩ ለጥቂት ቀናት እስከ ቀትር ድረስ በቤታቸው ያቆዩዋቸው፤ አብዛኞቹ የሚጥሉት ረፋዱ ላይ ነው። መኖው ተስተካክሎ ሰባት ወር ሞልቷቸው አሁንም አንዷም ካልጣለች፣ የሆድ ትላትልና የውጭ ጥገኛ ተሕዋስያን እንዳይኖሩባቸው ከቄቦቹ ሁለቱን ለእንስሳት ሐኪም ወስደው ያስመርምሩ።