ስልክ ልከልክላቸው ወይስ አልከልክላቸው?

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ መምህርት ነኝ፤ የትምህርት ቤቱን የንባብ ክበብም አስተባብራለሁ። 24 የ11ኛ ክፍል ልጆች በአራት ቅዳሜ፣ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲውን የሬይ ብራድበሪን ሕይወትና ስለ ቴክኖሎጂ ያስጠነቀቀውን አጥንተው ለወላጆች ሊያቀርቡ ተስማምተናል። የመረጥነው «ፋራናይት 451»ን ነው። የታተመ አንድ ቅጂ ብቻ አለን፤ ልጆቹ ከቴሌግራም ያወረዱትን ፒዲኤፍ በስልካቸው ይዘዋል።

ይሁን እንጂ መጽሐፉን ሳይገልጡ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጠቃለያ አሠርተው መጡ። ሁሉም «መንግሥት መጻሕፍትን ከለከለ፣ ቴክኖሎጂ ጎጂ ነው» የሚል ነው። አንድ ባልደረባዬ «ሰውዬው ራሱ ቴክኖሎጂ የሚጠላ ነበር፤ አንቺም ስልኩን ከልክይ» ይለኛል። ብከለክል በምን ያነባሉ? የሕይወት ታሪኩስ «ተወለደ፣ ጻፈ፣ ሞተ» ብቻ እንዳይሆን ምን ላድርግ?

የክበቡ አስተባባሪ፣ ከባሕር ዳር

መምህርት፣

ስልኩን አይከልክሉ። ምክንያቱ ከመጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ፣ መጻሕፍትን ማቃጠል ሥራው የሆነው የእሳት ሠራተኛ ሞንታግ ነው፤ ሚስቱ ሚልድረድ ጆሮዋ ውስጥ ትንንሽ ማዳመጫ ሰክታ ነው የምታድረው። ሳሎኗ በሦስት በኩል ግድግዳው ስክሪን ሆኖ ሳለ አራተኛውንም ለማስገጠም 2,000 ዶላር፣ የባሏን የዓመት ደመወዝ ሲሶ፣ ትጠይቃለች። ሁሉም የሚጠቅሰው ይህንን ነው። በሁለተኛው ክፍል ግን ፋበር የሚባሉት ጡረተኛ ፕሮፌሰር ራሳቸው የሠሩትን፣ የሚልድረድን የሚያህል የጆሮ መሣሪያ ለሞንታግ ይሰጡታል። በእሱ እየተነጋገሩ ያሤራሉ፤ ሌሊት ደግሞ መጽሐፈ ኢዮብን ያነቡለታል። መጻሕፍት ውስጥ ያለው ነገር በሬዲዮና በቴሌቪዥንም ሊተላለፍ ይችል እንደነበር፣ ግን እንዳልተላለፈ የሚናገሩትም እሳቸው ናቸው። የጎደለውን ሦስት ብለው ይቆጥሩታል፦ ፍሬ ያለው ዕውቀት፣ እሱን የማሰላሰያ ጊዜ፣ ከሁለቱ በተረዱት መሠረት የመሥራት መብት። የክበቡን ውይይት በእነዚህ ሁለት የጆሮ መሣሪያዎች ላይ ብታደርጉት አራቱንም ቅዳሜ ይይዛል።

«መንግሥት ከለከለ» ለሚለው መልሱ በአንደኛው ክፍል መጨረሻ ላይ አለ። የእሳት አለቃው ቢቲ ሞንታግን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ነገሩ ከመንግሥት እንዳልጀመረ በረጅሙ ያስረዳል። ታላላቅ ሥራዎች መጀመሪያ ለ15 ደቂቃ የሬዲዮ ዝግጅት አጠሩ፤ ከዚያ በሁለት ደቂቃ ወደሚነበብ ዓምድ ወረዱ፤ በመጨረሻም 10 ወይም 12 መስመር የመዝገበ ቃላት ፍቺ ሆነው ቀሩ። ሰዉ ራሱ ማንበብ ትቶ ነበር፤ አቃጣዮቹ የመጡት በኋላ ነው። ልጆችዎ ያመጡትን ማጠቃለያ አይቅደዱት። ይህን ገጽ ጮክ ብለው ያንብቡላቸውና ማጠቃለያቸውን ከአጠገቡ ያስቀምጡት፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሳያነብ የመጣን ልጅ ለመለየት ቀላል መፈተኛ አለ። የሞንታግን ሚስት «ሊንዳ» ብሎ ከጻፈ መረጃው የ1966ቱ (እ.ኤ.አ.) ፊልም ነው፤ በመጽሐፉ ሚልድረድ ናት። ያ ፊልም ስምንት እግር ያለውን ሜካኒካል ውሻም ትቶታል። የሞንታግ ወጣት ጎረቤት ክላሪስ በፊልሙ እስከ መጨረሻው ትኖራለች፤ በመጽሐፉ ግን ገና በመጀመሪያው ክፍል ትጠፋለች።

ፒዲኤፉንም ይፈትሹት። መጽሐፉ ሦስት ክፍል አለው፦ «ምድጃውና ሳላማንደሩ»፣ «ወንፊቱና አሸዋው»፣ «ደምቆ የሚነድ» ልንላቸው እንችላለን። አንዱ ካልተገኘ ፋይሉ ጎደሎ ነው። የታተመው ቅጂም ጉዳይ አለበት። አሳታሚው ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለትምህርት ቤት ባዘጋጀው እትም ደራሲው ሳያውቅ 75 ያህል ቦታዎችን ቆርጦና ለውጦ ነበር። ነገሩን ለብራድበሪ ጽፈው ያሳወቁት ተማሪዎች ናቸው፤ ሙሉው ጽሑፍ የተመለሰውም ከዚያ በኋላ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታተመ ቅጂ ከሆነ ከፒዲኤፉ ጋር ያስተያዩት። ልጆች እንዲህ ያለ ሥራ ደስ ይላቸዋል።

ስለ ሰዓቱ፦ መጽሐፉ 46 ሺህ ቃል ገደማ ነው። የ11ኛ ክፍል ተማሪ በደቂቃ 100 ቃል ጮክ ብሎ ቢያነብ ሰባት ሰዓት ተኩል ያልፋል። ያላችሁ ስምንት ሰዓት ስለሆነ ሁሉንም በክበቡ ላንብብ ማለት ያለ ውይይት መጨረስ ነው። አንደኛውን ቅዳሜ «እግረኛው» ለተባለው አጭር ታሪኩ ይስጡት። 2053 ላይ ሰዉ ሁሉ ስክሪን ፊት ተቀምጦ ሳለ ማታ ማታ በእግሩ የሚንሸራሸር አንድ ሰው፣ ውስጧ ሰው በሌለባት የፖሊስ መኪና ይያዛል። ባሕር ዳር ላይ፣ ሰዉ ሲመሽ በሐይቁ ዳር በሚንሸራሸርበት ከተማ፣ ታሪኩ ለልጆቹ ሩቅ አይሆንም። ሁለተኛው ቅዳሜ የቢቲ ንግግር፣ ሦስተኛው ፋበር፣ አራተኛው የመጨረሻዎቹ አሥር ገጾች። መካከሉን በአራት በአራት ተቧድነው ቤት አንብበው ይተርኩት። አንድ ስልክ ለሁለት ይሁን፣ ዳታው ይጥፋ፣ ቻርጁ ከቤት ሞልቶ ይምጣ። ፒዲኤፉ በስልክ ላይ በጣም ከደቀቀ አጎንብሰው ስለሚሰለቹ ስልኩን ወደ ጎን አዙረው ያንብቡ።

የሕይወት ታሪኩን ከልደቱ አይጀምሩት፤ ከጽሕፈት መኪናው ይጀምሩት። ብራድበሪ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ወርዶ፣ በ10 ሳንቲም 30 ደቂቃ የሚሠራ የኪራይ መኪና ላይ ጻፈ። ሂሳቡ 9 ዶላር ከ80 ሳንቲም መጣ። ልጆቹ ያስሉት፦ 98 ግማሽ ሰዓት፣ 49 ሰዓት። ብዙዎች «መጽሐፉን በዘጠኝ ቀን ጨረሰው» ይላሉ፤ ያ ግን 1951 ላይ የወጣው «የእሳት ሠራተኛው» የተባለ 25 ሺህ ቃል ያህል የመጀመሪያ ቅጂ ነው። አስፍቶ መጽሐፍ ያደረገው በ1953 ነው። «እግረኛው»ም መነሻ አለው፦ አንድ ማታ ከጓደኛው ጋር በእግር ሲሄድ ፖሊስ አስቁሞ ምን እንደሚሠሩ ጠየቃቸው፤ ተናደደና ጻፈው።

ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሱ። 1920 ኢሊኖይ ውስጥ ዎኪጋን ተወለደ። ለኮሌጅ ገንዘብ ስላልነበረው መንገድ ዳር ጋዜጣ ሸጠ፤ አሥር ዓመትም፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ቤተ መጻሕፍት ተመላለሰ። ባልደረባዎ ያሉት ግማሹ እውነት ነው፦ መኪና ነድቶ አያውቅም፣ መጽሐፉ በዲጂታል እንዲወጣም እስከ 2011 እንቢ ብሎ ነበር። ግን የጠፈር ጉዞን ዕድሜውን ሙሉ ሲያወድስ ኖረ። 2012 ላይ በ91 ዓመቱ በሞተ በሁለት ወር ገደማ፣ ኪውሪዮሲቲ የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ላይ ያረፈችበት ቦታ በስሙ ተጠራ።

ለወላጆች ሲያቀርቡ ፕሮጀክተር አይመኩበት፤ መብራት ከጠፋ ሁሉም ይቆማል። በመጽሐፉ መጨረሻ ከከተማ የሸሹት ሰዎች እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይይዛሉ፤ የሞንታግ ድርሻ መጽሐፈ መክብብ ነው። ጣና ዳር የቃል ትምህርት እንግዳ አይደለምና አንድ የአብነት ተማሪ ጋብዘው እንዴት ቀለም እንደሚያዝ ያሳያቸው፦ ጥቂት መስመር፣ ጮክ ብሎ፣ ማታ ደግሞ ጠዋት መቀጸል። ለአንድ ልጅ ከስምንት መስመር በላይ አይስጡ። ሙሉ ገጽ የተሰጠው ልጅ ሲጨነቅ ይሰነብትና በዝግጅቱ ቀን ይቀራል። ከእያንዳንዱ በኋላ ሌላ ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ያስረዳ፤ 24ቱም በአንድ ሰዓት ያልቃሉ።