«ጊዜው አይደለም» ለተባላችሁ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁት በጥብቅና ሥራ ነው። «ጥያቄያችሁ ይቆይ፣ አሁን ጊዜው አይደለም ተባልን» እያሉ የሚያማክሩኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ለእነሱ ደጋግሜ የምነግራቸው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት ባርነትን የታገሉ ሰዎችን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1861 ባርነት የነበረባቸው የደቡብ ግዛቶች አምፀው ጦርነቱ ሲጀመር የሰሜኑ መንግሥት አቋም «መጀመሪያ የአገር አንድነት ይዳን» የሚል ነበር። ይህን ቃል ሰምተው ያልጠበቁ ግን ነበሩ። በግንቦት ወር ሦስት ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ሌሊት በጀልባ አምልጠው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በሰሜኑ ጦር እጅ ወደነበረው ፎርት ሞንሮ ገቡ። የምሽጉ አዛዥ ጄኔራል በትለር ሰዎቹን ለባለቤት ነን ባዮቹ አልመልስም አለ። ከዚያ ሺዎች ተከተሉ። ስለ ተበዳይ ስትሟገቱ፣ ተበዳዩ ራሱ ምን እያደረገ እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ።

ፕሬዚዳንት ሊንከን ባሪያ የተደረጉ ሰዎች ነፃ ናቸው የሚለውን አዋጅ ያወጣው ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ነው። አዋጁ ያመፁትን አካባቢዎች እንጂ እንደ ኬንታኪና ሜሪላንድ ያሉትን፣ ባርነት ኖሮባቸው ያላመፁትን ግዛቶች አይነካም። በጦርነት ሥልጣን የወጣ አዋጅ ሰላም ሲወርድ ምን ይሆናል? ብዙዎች በደስታ ላይ ሳሉ ይህን የጠየቁትን እጅግ አከብራለሁ። የሴቶች መብት ታጋዮቹ ኤልዛቤት ኬዲ ስታንተንና ሱዛን አንተኒ በዚያው ዓመት ሴቶችን አደራጅተው ባርነት በሕግ እንዲቀር ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ። በየቤቱ እየዞሩ፣ አንድ በአንድ። እነሱ ራሳቸው እኮ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም! በ1864 መጀመሪያ ላይ ሁለት ጥቁር ሰዎች የ100,000 ሰው ፊርማ ተሸክመው ሴኔት አስገቡ። ኋላ ወደ 400,000 ተጠጋ። ባርነትን በመላ አገሪቱ የከለከለው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዲሴምበር 1865 ጸደቀ።

እናንተም አዋጅ ሲወጣ አጨብጭባችሁ ወደ ቤት አትግቡ። አንብቡት። ማንን ይጨምራል? ማንን ይተዋል? ማን ሊሽረው ይችላል?

ታጋዮቹም በዚህ ተከራክረዋል። በ1865 የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበር መሪ ዊሊያም ሎይድ ጋሪሰን «ሥራችን አልቋል፣ ማኅበሩ ይበተን» አለ። ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ግን ጥቁር ሰው ድምፅ መስጠት ካልቻለ ባርነት አልቀረም ብሎ ተቃወመ። ጋሪሰን ከሠላሳ ዓመት በላይ የለፋ ሰው ነው፣ ድካሙ ይገባኛል። እኔ ግን ከዳግላስ ጋር ነኝ። አብዛኛው አባልም ከእሱ ጋር ቆመ። ማኅበሩ የተበተነው በ1870፣ በዘር ምክንያት ድምፅ መከልከልን የሚያግደው 15ኛው ማሻሻያ ከጸደቀ በኋላ ነው።