ባጁን ገልብጣችሁ ተመልከቱ

ልጆቼ፣

የአየር ወለድ ወታደሮችን የፓራሹት ክንፍ፣ ማለትም ዘላዮች ልብሳቸው ላይ የሚያደርጉትን ባጅ፣ መሰብሰብ መጀመራችሁን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ሰጋሁ። የሰጋሁት ባጅ እጃችሁ ሲገባ ከሁሉ አስቀድማችሁ «የየትኛው ጦርነት ነው?» ስለምትሉ ነው። በሙዚየም ዕቃ ጥገና ባሳለፍኳቸው ዐሥርት ዓመታት ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሰጠኝ ባጅ ጥቂት ነው። ብረት አዘውትሮ የሚናገረው «ከዚህ ዓመት በፊት አልተሠራሁም» የሚለውን ብቻ ነው። እኔ ይህን መነሻ ዓመት እለዋለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። በወጣትነቴ አንድ ቤተሰብ የአባታቸውን የአሜሪካ ክንፍ አመጡልኝ። ሰውየው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓራሹት የዘለሉ ነበሩ፤ የአገልግሎት ወረቀታቸውም ይህንኑ ይመሰክራል። እኔም መግለጫው ላይ «1944» ብዬ ጻፍኩ። መግለጫው ለዓመታት በመስታወቱ ውስጥ ተቀመጠ። አንድ ቀን አቧራ ስጠርግ በባጁ ላይ ከተቀረጸው ፓራሹት አናት ላይ ያለችውን ኮከብ አየሁ። ሁልጊዜም እዚያው ነበረች፤ ልብ ያላልኩት እኔ ነኝ። ኮከብ ያለው የከፍተኛ ደረጃ ዘላይ ክንፍና በቅጠል ጉንጉን የተከበበ ኮከብ ያለው የበላዩ ደረጃ የተፈቀዱት በ1949 ነው። ሰውየው አልዋሹም፤ ቤተሰቡም አልዋሸም። ወታደር ባጅ ይጠፋበታል፣ ይሰበርበታል፣ ደረጃው ሲያድግ ይለውጣል። የሰውየውን ዘመን ለብረቱ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ።

የዚያኑ የአሜሪካ ክንፍ ነገር ልቀጥል። ንድፉን ያወጣው ያኔ ሻምበል የነበረው ዊሊያም ያርቦሮ ነው። በማርች 1941 ጸደቀ፤ የመጀመሪያዎቹን 350 ባጆች የሠራው የፊላደልፊያው የጌጣጌጥ ቤት ቤይሊ ባንክስ ኤንድ ቢድል ነው። እንግዲህ የዚህ ንድፍ መነሻ ዓመት 1941 ነው፤ የቀረውን ጀርባው ይነግራችኋል። በጦርነቱ ጊዜ ከተሠሩት ብዙዎቹ ልብስ ላይ የሚያዙት በረጅም መርፌ ነበር። ሁለት አጫጭር እሾሆችና ከኋላ የሚጫን መያዣ ያላቸው ወደ ጦርነቱ ማብቂያ እየተለመዱ መጥተው በኋላ መደበኛ ሆኑ። «ስተርሊንግ» የሚለው ማኅተም ከ1000 እጅ 925ቱ ብር መሆኑን እንጂ ዘመኑን አይናገርም፤ ከጦርነቱ በኋላም ለዓመታት በብር ተሠርቷል። «ስተርሊንግ ስለሆነ የጦርነቱ ነው» የሚላችሁን ሻጭ በትሕትና አመስግናችሁ እለፉ።

ደንብ ከልማድ ኋላ የሚመጣበት ጊዜ መኖሩንም አትርሱ። ወታደሮቹ በውጊያ ለዘለሉበት ጥቃቅን ኮከቦችን በክንፋቸው ላይ በራሳቸው ፈቃድ መሰካት የጀመሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ይፋዊ ፈቃድ የተገኘው ግን በ1980ዎቹ ነው። እነዚህንና በፓራሹቱ አናት ላይ ያለችውን የደረጃ ኮከብ አንድ አድርጎ የሚያይ ሰብሳቢ በሁለቱም ይሳሳታል።

የጀርመን አየር ኃይል የፓራሹት ባጅ የተመሠረተው በ1936 ነው፤ በጉንጉን መካከል የናዚ ምልክት የሆነውን ስዋስቲካ በጥፍሩ ይዞ ቁልቁል የሚወረወር ንስር አለበት። ንስሩና ጉንጉኑ ለየብቻ ተሠርተው በብሎን ሳይሆን በተቀጠቀጠ ችንካር ይያያዛሉ። ቀደምቶቹ ከመዳብ ቅይጥ የተሠሩ ናቸው፤ ጦርነቱ ሲገፋ ዚንክ ተተካ፤ የዚንኩ ቅብ ይለቃል፣ ብረቱም ግራጫ ይሆናል። በ1957 ምዕራብ ጀርመን የቀድሞ ወታደሮች ሽልማታቸውን ስዋስቲካው ወጥቶለት እንዲያደርጉ በሕግ ፈቀደች። ስዋስቲካ የሌለው ንስር ስታዩ ታዲያ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ሲሠራም አልነበረበትም ወይስ በኋላ ተፍቆ ነው? የተፋቀበት ቦታ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የሞረድ ጭረት ይተዋል።

ዘውድ ጥሩ ቀን ቆጣሪ ይመስላል። በ1943 የወጣው የብሪታንያ ፓራሹት ሬጅመንት የቆብ ምልክት (የብቃት ክንፍ ባይሆንም ሰብሳቢ አብሮ ይሰበስበዋል) አናቱ ክብ የሆነ የንጉሥ ዘውድ ነበረው፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሡ በኋላ አናቱ መሐል ላይ ጎድጎድ ያለው ዘውድ ተተካ። በ2022 ግን ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ክቡን ቅርጽ መልሰው መረጡ። ከእንግዲህ ክብ ዘውድ ብቻውን አሮጌነትን አያረጋግጥም።

እኔ እጅግ የምወደው የፖላንዱን ነው። በ1941 የወጣ፣ ለመንጠቅ የሚወርድ ንስር፤ ጀርባው ላይ «ለአንቺ፣ እናት ሀገር» የሚል ጽሑፍና የባለቤቱ ቁጥር አለበት። ቁጥሩ ወደ አንድ ሰው ስም ሊመራችሁ ይችላል። ቁጥር ያለውን ባጅ ፊቱን ብቻ ፎቶ አንስታችሁ አታስቀምጡ።

ስለ አስመሳይ ሥራ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሙያዬ ነውና። በማተሚያ ተመትቶ የወጣ ባጅ ጠርዙ ስለታም፣ የላባው መስመር ጥርት ያለ ነው። ከእውነተኛው ላይ ቅርጽ ተወስዶ ቀልጦ የፈሰሰው ቅጂ ግን ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በጥቂቱ ያንሳል፤ ገጹም በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ጉድጓዶች ይታዩበታል። ስለዚህ ካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ) እና ትንሽ ሚዛን ይኑራችሁ። በጨርቅ ለተጠለፈ ክንፍ ደግሞ የአልትራቫዮሌት መብራት ይረዳል። ክሩ በብሩህ ሰማያዊ ካበራ ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋው ማንጫ ኬሚካል አለበት ማለት ነው። ነገር ግን የድሮ ጨርቅም በዘመናዊ ሳሙና ከታጠበ ያበራል፤ በዚህ ምልክት ብቻ ተነሥታችሁ አትፍረዱ።

ደግሞ እባካችሁ አትወልውሉት። የጠቆረው ብርና በመርፌው ሥር የተከማቸው ቆሻሻ ምስክሮች ናቸው፤ አንዴ ከጠፉ ማንም አይመልሳቸውም።

ያንን መግለጫ ለወጥኩት። «ባለቤቱ በ1944 የዘለሉ፤ ባጁ ከ1949 ወዲህ የተሠራ» ብዬ ጻፍኩና ቤተሰቡን ጠርቼ አሳየኋቸው። ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። ታላቂቱ ልጅ ግን ኮከቧን በአጉሊ መነጽር ለረጅም ጊዜ ከተመለከተች በኋላ ቀና ብላ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ያኔ ሲዘሉ ያደረጉት የት ሄደ?» አለችኝ። እስከ ዛሬ እየፈለግን ነው።