የአንባቢያን ጥያቄ፦ የፍላንደርስ ሃርፕሲኮርድ ሥዕልና ወረቀት

ጥያቄ፦ በአንትወርፕ (በዛሬዋ ቤልጅየም ያለች የፍላንደርስ ከተማ) አሠራር የተዘጋጀ፣ አውታሩ ገና ያልተወጠረ ሃርፕሲኮርድ (ቁልፉ ሲጫን አውታሩ የሚቆነጠር፣ ፒያኖ መሳይ የሙዚቃ መሣሪያ) አለኝ። የድምፅ ሳንቃው (ከአውታሮቹ ሥር ያለው ድምፅ የሚያጎላ ስስ ጣውላ) ላይ አበባ ስሥል ቀለሙ የእንጨቱን ቃጫ ተከትሎ ይሸሻል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳንቃው የሚሠራበት ስፕሩስ (የጥድ ዓይነት እንጨት) እርቃኑን ሲሆን ውሃ የበዛበትን ቀለም በቃጫው ርዝመት ይስባል። ስለዚህ ቀለምዎ ወደ እርጎ የቀረበ ይሁን። ቀጥሎ የሁለት እንቁላል ነጭ አረፋ እስኪሆን ይምቱና ያሳድሩት፤ ጠዋት ከሥር የተጠራቀመውን ጥሩ ፈሳሽ ወስደው የሚሥሉበትን ቦታ ብቻ በስሱ ይቀቡ። ሲደርቅ የቆመውን ቃጫ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይዳብሱት። ሳንቃውን በሙሉ እንዳያርሱት፤ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፣ በአንድ ወገን ብቻ ውሃ ከጠጣ ይጎብጣል።

ቀለሙን ራስዎ የሚያዋህዱ ከሆነ 1 እጅ የግራር ሙጫ በ2 እጅ ለብ ያለ ውሃ አሳድረው በጨርቅ ያጥልሉ። ሙጫው ካነሰ የደረቀው ቀለም በጣት ይጠረጋል፤ ከበዛ ያብረቀርቅና ይሰነጠቃል። ልኩን በተረፈ የስፕሩስ ቁራጭ ላይ ይለዩ። የጥንቶቹ ነጭ ከእርሳስ የሚሠራ መርዝ ነው፤ ቲታኒየም ነጭ ይተካዋል። ሰማያዊው ስማልት ግን በኮባልት የተቀለመ መስታወት ዱቄት ነው፤ በደቀቀ ቁጥር ስለሚገረጣ ሻካራውን ይግዙ። ብሩሽ ሥር ስለሚንከባለል አይጎትቱት፣ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያስቀምጡት።

የሚሣለው ድልድዮቹ (አውታሮቹ የሚያርፉባቸው ረጃጅም እንጨቶች) ሳንቃው ላይ ከተጣበቁ በኋላ ነው። በድምፅ ቀዳዳው ዙሪያ ካለው የአበባ ጉንጉን ይጀምሩ። ባዶ ቦታም ይተዉ፤ ታዋቂዎቹ የአንትወርፕ ሃርፕሲኮርድ ሠሪዎች፣ የሩከርስ ቤተሰብ፣ በሠሯቸው መሣሪያዎች ላይ የሠሩት ሠዓሊዎች አበባ፣ ቢራቢሮ፣ ወፍ፣ አንዳንዴም ሽሪምፕ ይበትኑ ነበር እንጂ ሳንቃውን አይሸፍኑም። ከላይ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ ከቀቡ ሥራዎ ሁሉ ይሟሟል።

ጥያቄ፦ የባሕር ፈረስ የታተመበትን ወረቀት ከቁልፎቹ በላይ ስለጥፍ ፊኛ አወጣ፤ ጥቁሩም ተበተነ።

መልስ፦ መበተኑ የማተሚያው ጣጣ ነው፤ የኢንክጄት ቀለም ብዙውን ጊዜ ውሃ አይችልም፣ በሌዘር ማተሚያ ወይም በስክሪን (በወንፊት ጨርቅ) ሕትመት ያሳትሙ። ፊኛው ደግሞ ወረቀቱ እንጨቱ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ስለሚሰፋ ነው። ከአንድ ቀን በፊት እንጨቱን በቀጭን የቆዳ ኮላ ይቀቡ። ወረቀቱን በስንዴ ስታርች ማጣበቂያ ቀብተው 5 ደቂቃ ያህል ያቆዩት፤ የሚሰፋውን ያህል እዚያው ይስፋ። ከዚያ ከመሃል ወደ ዳር እየዳበሱ ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ሙዚየም ውስጥ ያየሁት ሩከርስ ውጪው በወርቅ ያጌጠ ነበር። የእኔንም እንደዚያ ላድርገው?

መልስ፦ ያዩት ምናልባት የፓሪስ እጅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳውያን የ17ኛውን ክፍለ ዘመን የአንትወርፕ መሣሪያዎች እያሰፉ ቁልፍ ይጨምሩባቸው፣ ሣጥኑንም በዘመኑ ፋሽን እንደገና ይቀቡት ነበር። የፍላንደርሱ ውጪው እብነ በረድ መሳይ ቅብ ነው፤ ከክዳኑ ውስጥ የእንጨት ቃጫ መሳይ ወረቀት ይለጠፍና በትልልቅ ጥቁር የላቲን ፊደላት «የዓለም ክብር እንዲህ ያልፋል» ዓይነት አባባል ይጻፍበታል። በእኛ አስተያየት ለአዲስ መሣሪያ ይኸኛው ይሻላል፤ ወርቁ ውድ ነው፣ ከአበባው ሳንቃ ጋርም ይሻማል።