ገመዱ ተነቅሏል፣ ፋይሉ ግን ክፍት ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ሙቀትና እርጥበት የሚመዘግብ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ሰሌዳ ሠርቼ የሊነክስ ድራይቨር (ከርነሉ፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ መሣሪያውን የሚያናግርበትን ፕሮግራም) ጻፍኩለት። ሰሌዳው የራሱ አዳፕተር ስላለው መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ላፕቶፑ ግን በባትሪ ይቀጥላል። ያኔ ወዲያው ምንም አይሆንም። የሚያነበውን ፕሮግራም ስዘጋው ግን አንዳንዴ ላፕቶፑ ድርቅ ይላል፣ አንዳንዴ ምንም የማይገናኝ ፕሮግራም ይወድቃል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሰላም ነው። ስህተቱን ለመያዝ ፕሪንትኬ (ከርነሉ መልእክት የሚጽፍበትን ትእዛዝ) ስጨምርበት ጭራሽ ይሰወራል። ሜሞሪውን የያዝኩት በዴቭኤም ኬዛሎክ ነው፤ መልቀቁን ለከርነሉ ትቼለታለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ሰ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ቁልፉ «ፕሮግራሙን ስዘጋው» ያልከው ነው። ሰሌዳው ኃይል ሲያጣ ለላፕቶፑ ገመዱ እንደተነቀለ ይቆጠራል። ከርነሉ የድራይቨርህን ዲስኮኔክት (መሣሪያው ሲነቀል የሚሠራውን ተግባር) ይጠራል፤ እሱ እንዳበቃም በዴቭኤም የተያዘው ሜሞሪ ሁሉ ይለቀቃል። ፕሮግራምህ ግን ሰሌዳውን የሚወክለውን ፋይል ከፍቶ እንደያዘ ነው። ስትዘጋው የድራይቨርህ ሪሊዝ (ፋይሉ ሲዘጋ የሚሠራው ተግባር) ይጠራና የድሮውን ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ተከትሎ የተለቀቀ ሜሞሪ ውስጥ ይገባል። ዴቭኤም የሚያውቀው መሣሪያውና ድራይቨሩ የተያያዙበትን ጊዜ ብቻ ነው፤ ፋይሉን ማን ከፍቶ እንደያዘ አያውቅም። ለብዙ ነገር ግሩም አገልግሎት ነው፤ ተጠቃሚ ከፍቶ ሊቆይበት ለሚችል መዋቅር ግን አይሆንም።

አንዳንዴ ሰላም የሚሆነው፣ የተለቀቀ ሜሞሪ ሌላ ወሳጅ እስኪያገኝ ድረስ የድሮ ይዘቱ በአብዛኛው ስለማይነካ ነው። ሌላ የከርነል ክፍል ከወሰደው በኋላ ግን የምትጽፈው በሰው ንብረት ላይ ነው፤ የማይገናኘው ፕሮግራም የሚወድቀው ለዚህ ነው። ፕሪንትኬ ጊዜውን ስለሚያዛባ ስህተቱን ይደብቀዋል እንጂ አያስተካክለውም።

ስለዚህ ፕሪንትኬውን ተወውና ኬሳን (የተሳሳተ የሜሞሪ አጠቃቀም የሚይዝ የከርነል መመርመሪያ) የበራበት ከርነል ገንባ። ኬሳን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ፣ ከ4.0 እትም አንሥቶ በከርነሉ ውስጥ አለ። ለእያንዳንዱ 8 ባይት ሜሞሪ 1 ባይት የጥላ መዝገብ ይይዛል፤ የተለቀቀውንም ቶሎ ለሌላ እንዳይሰጥ ለይቶ ያቆየዋል። ሪፖርቱ ማን እንደነካው፣ ማን እንደያዘውና ማን እንደለቀቀው ይነግርሃል። ሰው ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው የነካው ላይ ነው፤ አንተ መጀመሪያ የለቀቀውን አንብብ። እዚያ የዴቭሬስ (የዴቭኤምን ሜሞሪ የሚለቅቀው የከርነል ክፍል) ተግባራት ስም ከተደረደረ ከላይ ያልኩህ ተረጋገጠ ማለት ነው። ከርነል መገንባት ለላፕቶፕህ ከከበደ ከርነሉን በስለብ ዲበግ (የከርነሉ ሜሞሪ መፈተሻ) አማራጭ፣ በፒ ምልክት አስነሣው። ያኔ የተለቀቀ ሜሞሪ በሄክሳዴሲማል 6ቢ ይሞላል፤ በውድቀቱ መልእክት ውስጥ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ የሚል አድራሻ ካየህ ሌላ ማስረጃ አያሻህም።

ሙከራውን ሁሉ በኪውኤምዩ (ምናባዊ ኮምፒውተር በሚፈጥር ፕሮግራም) ውስጥ አድርገው። ሰሌዳህን ለምናባዊው ኮምፒውተር አሳልፈህ ትሰጣለህ፣ የከርነሉን መልእክት በሲሪያል ወደ ፋይል ታስቀምጣለህ፤ ቢወድቅም የሚወድቀው እሱ ነው፣ የመመረቂያ ጽሑፍህ ያለበት ላፕቶፕ አይደለም።

ወደ ማስተካከያው ስንመጣ፣ መዋቅርህን በተራው ኬዛሎክ ያዝና ኬሬፍ (የተጠቃሚዎች ቆጣሪ) ጨምርበት። ድራይቨሩ አንድ ድርሻ ይይዛል፣ ፋይሉን የከፈተ እያንዳንዱ ሌላ ድርሻ ይይዛል፤ ሜሞሪው የሚለቀቀው የመጨረሻው ሲለቅ ነው። ዲስኮኔክት ውስጥ በቅድሚያ አዲስ ከፋች እንዳይመጣ ምዝገባውን ሰርዝ፤ ከዚያ ሙቴክሱን (በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚያስገባውን ቁልፍ) ይዘህ «ተነቅሏል» የሚል ምልክት አስቀምጥ፤ ዳታ እየጠበቁ የተኙ አንባቢዎች ካሉም ቀስቅሳቸው። ሪድና ራይት በዚያው ሙቴክስ ሥር ምልክቱን አይተው ኢኖዴቭ («መሣሪያው የለም» የሚል የስህተት ኮድ) ይመልሱ። ከርነሉ ራሱ ለጀማሪ ያዘጋጀው የዩኤስቢ ስኬልተን ድራይቨር በኬሬፍ ይህን መንገድ ይዟል፤ መስመር በመስመር አንብበው።

ዩአርቢ (ለዩኤስቢ መሣሪያ የሚላክ የዳታ ጥያቄ) ሲጨርስ ወርክ (ከርነሉ ቆይቶ የሚሠራው ሥራ) የሚያሰልፍ፣ ወርኩ ደግሞ ዩአርቢውን መልሶ የሚልክ ከሆነ ዩአርቢውን የሚያስቆመው ዩኤስቢ ኪል ዩአርቢ አይበቃህም። ኪል መልሶ መላክን የሚከለክለው ራሱ እየሠራ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በዩኤስቢ ፖይዝን ዩአርቢ ዝጋው፣ ቀጥሎ ወርኩን የሚሰርዘውን ካንስል ወርክ ሲንክ ጥራ፣ የድራይቨሩን ድርሻ በመጨረሻ ልቀቅ። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ ወርኩን አስቀድመህ ብትሰርዝ ገና ያልቆመው ዩአርቢ መልሶ ያሰልፈዋል።

ብዙዎች መንቀልን የሚሞክሩት በሲስኤፍኤስ አንባይንድ (ድራይቨሩን ከመሣሪያው በትእዛዝ በመለየት) ነው። ለመጀመሪያ ዙር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው እዚያው እንደተሰካ ስለሆነ ዩአርቢዎቹ የመስመር ስህተት ይዘው አይመለሱም። እውነተኛ ንቅለት ላይ ዲስኮኔክት ከመጠራቱ በፊት ኢፕሮቶን የመሳሰሉ የመስመር ስህተቶች ይጎርፋሉ፤ ስህተት ባየ ቁጥር ያለ ገደብ ደግሞ የሚልክ ድራይቨር ያኔ ነው የሚጋለጠው። ስለዚህ አዳፕተሩን እያነበብክም፣ እየከፈትክም፣ እየዘጋህም ንቀለው።

ነገሩ የተማሪ ሥራ ብቻ አይምሰልህ። እ.ኤ.አ. በ2017 የጉግል ባልደረባ የነበረው አንድሬ ኮኖቫሎቭ በሊነክስ ዩኤስቢ ድራይቨሮች ያገኛቸውን የደኅንነት ቀዳዳዎች ይፋ ሲያደርግ፣ የተለቀቀ ሜሞሪ መንካት ከመካከላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ አድርገህ ኬሳን አሁንም ከጮኸ፣ የለቀቀው ማን እንደሆነ የሚያሳየውን ክፍል ገልብጠህ ላክልኝ። የዴቭሬስ ስም ከሌለበት ቀጥሎ የምጠረጥረው ዩአርቢውን መልሶ የሚልከውን ወርክ ነው።