ባሕር ግርጌ የሚያርፉ የኒውክሌር ሰርጓጆች፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ከደጀን፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላምና ከባሕር ዳር የደረሱ ጥያቄዎች ናቸው። ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ጋሼ፣ «ጥልቅ ጠላቂ» ሲባል ስንት ሜትር ነው? ከተራው ሰርጓጅ መርከብስ በምን ይለያል?

መልስ፦ አንተ ካለህበት አፋፍ እስከ አባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ኤንአር-1 ለተባለችው ትንሽ የአሜሪካ የኒውክሌር ሰርጓጅ የተፈቀደላት ጥልቀት 914 ሜትር ነበር፤ ከአፋፉ ብትነሳ ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ትቆማለች። ትንሽ ይመስላል። ሸለቆው ግን እስከ አፋፉ ውኃ ሞልቶት አስበው። በየ10 ሜትሩ አንድ አትሞስፌር ይጨመራል፤ 1,000 ሜትር ላይ በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት፣ አንድ ኩንታል ጤፍ የሚያህል ክብደት ያርፋል። ያውም ከላይ ብቻ ሳይሆን ከየአቅጣጫው። ተራው የጦር ሰርጓጅ የሚሠራው በጥቂት መቶ ሜትሮች ውስጥ ነው።

ኤንአር-1 በጥር 1969 ግሮተን ላይ ውኃ ገባች፣ በ2008 ከአገልግሎት ወጣች። 400 ቶን ያህል ትመዝን ነበር፣ ርዝመቷ 45 ሜትር ገደማ ነበር፣ ሠራተኞቿም ከደርዘን ብዙም አይበልጡም ነበር። ከሆዷ ሥር የጭነት መኪና ጎማዎች ነበሯት፤ የመመልከቻ መስኮቶች፣ መብራትና ዕቃ የሚያነሳ ክንድም ተገጥሞላት ነበር። በ1976 ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ተንሸራቶ የሰጠመውን ኤፍ-14 ጀትና ሚሳይሉን በማውጣት፣ በ1986 ደግሞ የቻሌንጀርን ስብርባሪ በመፈለግ ተሳትፋለች።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ የፊዚክስ መምህር)፦ የሩሲያዋ ሰርጓጅ ሎሻሪክ ውስጧ የተደረደሩ ሉሎች ናቸው ይባላል። ሲሊንደር ለምን አልሆነም?

መልስ፦ እርስዎ ለተማሪዎችዎ በሰሌዳ ላይ ሊያሳዩት የሚችሉት ነው። በሲሊንደር ግድግዳ ላይ ያለው ውጥረት ግፊት ሲባዛ በራዲየስ፣ ሲካፈል በውፍረት ነው፤ በሉል ላይ ግን የዚያ ግማሽ ነው። ስለዚህ ለእኩል ራዲየስና ለእኩል ጥልቀት ሉል የሚፈልገው ውፍረት ግማሹን ነው። ቀሪው ክብደት ለሪአክተር፣ ለባትሪና ለሰው ይተርፋል። ብረቱ ቲታኒየም ከሆነ ደግሞ ከአረብ ብረት በጣም ቀሎ ያንኑ ያህል ይሸከማል፤ በጨው ውኃም አይበላም። ችግሩ ብየዳው ነው። ቲታኒየም በጋለበት አየር ካገኘው ይሰባበራል፤ በአርጎን ጋዝ ተሸፍኖ መበየድ አለበት።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ለትንሽ መርከብ ሪአክተር ምን ይሠራላታል? ባትሪ አይበቃም?

መልስ፦ ለሰዓታት ይበቃል። ፍለጋ ግን የቀናት ሥራ ነው፤ ሲወጡና ሲወርዱ ደግሞ ይታያሉ። ሪአክተር አየር አይፈልግም፣ ስለዚህ ወደ ላይ እንድትመለስ የሚያስገድዳት ስንቅና የሰው ድካም ብቻ ይሆናል። አንድ ሰው በቀን 0.8 ኪሎ ግራም ያህል ኦክስጅን ይጠቀማል፣ 1 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ይህን ማጣራቱ ኦክስጅን ከማምረት የበለጠ ያስቸግራል።

አንድ ጣጣ አለ፦ ሪአክተር ያለማቋረጥ በባሕር ውኃ መቀዝቀዝ አለበት። ግርጌው ላይ ሲያርፉ የውኃ መሳቢያው ጭቃና አሸዋ ከሳበ ማቀዝቀዣው ይደፈናል። ለዚህ ነው ማረፊያ እግር ወይም ጎማ የሚሠራላቸው፤ ሆዳቸው ከጭቃው ከፍ ይላል፣ ጭቃውም ሆዳቸውን ይዞ አያስቀራቸውም።

ጥያቄ (ከዚያው ከፍኖተ ሰላም)፦ ቧንቧ ቢፈስስ ለማምለጥ ስንት ጊዜ አለ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ የሰው ሕይወት ያለው እዚህ ላይ ነውና። 1,000 ሜትር ላይ አንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ቢከፈት ውኃው በሰከንድ 140 ሜትር ፍጥነት ይወረወራል፤ በደቂቃ ግማሽ ቶን ገደማ ይገባል። ከክብደቱ ቀድሞ የሚጎዳው ጉሙ ነው፦ ክፍሉ በጨው ውኃ ጭጋግ ይሞላና የኤሌክትሪክ ሰሌዳው ይቃጠላል።

ትሬሸር የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ ሚያዝያ 10 ቀን 1963 129 ሰዎች ይዛ ሰጥማለች። መርማሪዎቹ የደረሱበት ግምት እንዲህ ነው። በብር ቅልቅል የተበየደ የቧንቧ መጋጠሚያ ተለቀቀ፣ ውኃው ኤሌክትሪኩን ነካ፣ ሪአክተሩ ቆመ። ወደ ላይ ለመውጣት በውኃ የተሞሉትን ታንኮች በታመቀ አየር ባዶ ለማድረግ ሲሞከር አየሩ ሲሰፋ ቀዘቀዘ፣ በውስጡ የነበረው እርጥበትም በረዶ ሆኖ ማጣሪያውን ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሰብሴፍ የተባለው የቁጥጥር ሥርዓት ተጀመረ፤ ውኃ የሚነካ መጋጠሚያ ሁሉ ከነማስረጃው ይመረመራል።

አየር ቢኖርም ጥልቀቱ ዋጋውን ያስወድደዋል፦ 1,000 ሜትር ላይ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ ከታንክ ለማስወጣት ከላይ የተለካ 100 ሜትር ኩብ አየር ይጠይቃል። በ1960 ወደ 11,000 ሜትር ግድም የወረደችው ትሪዬስቴ ለዚህ ሲባል የብረት እንክብል ተሸክማ ነበር፤ እንክብሉን የሚይዘው ኤሌክትሮማግኔት ስለሆነ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ራሱ ይፈስሳል፣ እሷም ትቀልላለች። ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ዘዴ ይህ ነው።

ሌላው ጠላት እሳት ነው። በሎሻሪክ ላይ ሐምሌ 1 ቀን 2019 የተነሳው እሳት 14 መኮንኖችን ገድሏል፤ የሩሲያ ባለሥልጣናት እሳቱ የተነሳው በባትሪው ክፍል እንደነበር ተናግረዋል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የባሕር ኬብል እንዴት ይጠለፋል? የእኛ ኢንተርኔትስ ያሰጋዋል?

መልስ፦ በ1970ዎቹ ሃሊበት የተባለችው ሰርጓጅ ኦክሆትስክ ባሕር ላይ፣ 120 ሜትር ያህል ጥልቀት፣ የሶቪየትን የስልክ ኬብል ጠልፋለች። ኬብሉ አልተቆረጠም፤ ጠላቂዎች ዙሪያውን መቅጃ አለበሱት፣ መግነጢሳዊ ፍሰቱም ድምፁን አስረከበ። ጠላቂዎቹ ሂሊየምና ኦክስጅን እየተነፈሱ፣ ሙቅ ውኃ የሚዘዋወርበት ልብስ ለብሰው ነበር የሚሠሩት፤ ከዚያ ጥልቀት ሰውነትን ወደ ቀድሞው ግፊት መመለስ አምስት ቀን ያህል ይወስዳል። ምሥጢሩን በ1980 ሮናልድ ፔልተን የተባለ የቀድሞ የአሜሪካ ስለላ ሠራተኛ ለሶቪየት ሸጠው።

የዛሬው የብርሃን ኬብል እንዲያ አይጠለፍም። ብርሃኑ ወደ ውጭ አይፈስስም፣ በውስጡም እስከ 10,000 ቮልት የሚደርስ ኤሌክትሪክ ያልፋል። አገራችን በጎረቤቶቿ በኩል ከባሕር ኬብል ጋር ስለምትገናኝ ሥጋቱ ይነካናል፤ ነገር ግን በዓለም በየዓመቱ ከሚደርሱት ከ150 እስከ 200 ብልሽቶች አብዛኛውን የሚያደርሱት መልሕቅና የዓሣ መረብ ናቸው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ጣና ላይ ብትገባስ?

መልስ፦ የጣና ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ የምትጠልቅበት የለም። ሌላም ነገር አለ፦ ጣና ጨው የለውም። የባሕር ውኃ በ100 ኪሎ 2.5 ኪሎ ያህል ስለሚበልጥ ባሕር ላይ ሚዛኗን የጠበቀች 400 ቶን መርከብ ጣና ላይ 10 ቶን ያህል ትከብዳለች። በባሕር ላይም ትልቅ ወንዝ በሚገባበት አፍ አካባቢ ይኸው ያጋጥማል፤ ስለዚህ የውኃው ጨዋማነት እየተለካ የሚዛን ታንኮቹ ቀድመው መቅለል አለባቸው።