ለጀማሪ የትኛው የምላጭ ማፋጫ ቆዳ ይበጃል?

«ታጣፊ የጺም ምላጭ ገዝቻለሁ፤ ከውጭ የሚመጣው ማፋጫ ቆዳ ግን ዋጋው ከምላጩ በለጠብኝ፤ በትንሽ ገንዘብ ምን ልያዝ?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ላለፉት ስድስት ዓመታት በእንዲህ ያለ ምላጭ ስላጭ ካየሁት ተነሥቼ እመልሳለሁ።

ማፋጫ ቆዳ ምላጩን እያመላለሱ ስለቱን የሚያስተካክሉበት ነው፤ ውድ የሆነውን አሁን አይግዙ። ጀማሪ የመጀመሪያ ቆዳውን መቁረጡ አይቀርም፤ ምላጩ ከቆዳው ዳር ሲደርስ መገልበጥ ያለበት ስለት በሌለው ወፍራም ጀርባው ተደግፎ ነው፣ እጅ እስኪለምድ ድረስ ግን ይህ ይዘነጋና ስለቱ ቆዳው ውስጥ ይሰምጣል። እኔ በሁለተኛው ቀን ነው የሰነጠቅሁት።

የከፋው ስሕተቴ ግን የቆዳው ምርጫ ነበር። የመንዝ በግ ባለበት አገር ሌጦ አይጠፋምና ከእሱ አንድ ቁራጭ አዘጋጀሁ። የበግ ሌጦ ቢለሰልስም ይለጠጣል፤ የቱንም ያህል ወጥሬ ብይዘው መሐሉ እየረገበ፣ ምላጩ ባለፈ ቁጥር ስለቱ ላይ እየታጠፈ ይብሱን አደነዘዘው። በዚህ ላይ «ቆዳ ቅቤ ይወዳል» ተብዬ ቅቤ ብቀባው አቧራ የሚሰበስብ ሙጫ ሆኖ ቀረ። በመጨረሻ የጋሪ ፈረስ ዕቃ ወደሚሰፋ ባለሙያ ሄጄ፣ በደንብ ከለፋና ቀለም ካልነካው የበሬ ቆዳ፣ ከሆዱ ሳይሆን ከጀርባው በኩል፣ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 6 ሳንቲ ሜትር ወርድና 50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ አስቆረጥሁ፤ የከፈልሁት ከአንድ ዶሮ ዋጋ አይበልጥም። የሆዱ በኩል እንደ ሌጦው ስለሚለጠጥ ባለሙያው ርካሽ ነው ቢልዎት እንኳ አይቀበሉት። ወርዱ ከምላጩ ርዝመት ቢያንስ አያሳስብም፤ ምላጩን ትንሽ በሰያፍ እየሳቡ ካሳለፉት ስለቱ በሙሉ ቆዳውን ይነካል።

ወጥሮ መያዝ የሚያስቸግርዎት ከሆነ ቆዳውን በመላጊያ በተስተካከለ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ በኮላ ያጣብቁት። ለጀማሪ እኔ ይህንን አስበልጣለሁ፤ ጣውላ ስለማይረግብ ስለቱን የማደንዘዙ ዕድል ይቀንሳል።

ለመሳያ የሚሸጠው አረንጓዴው የክሮሚየም ኦክሳይድ ቅባት ብረት እየፋቀ የሚበላ ስለሆነ የዕለት ማፋጫዎን አይቀቡት፤ ካስፈለገ ለብቻው ሌላ ቁራጭ ያዘጋጁለት። በእኛ ብርድ ቆዳው ጠዋት ጠዋት ድርቅ ብሎ ይገኛልና ከመጀመርዎ በፊት በንጹሕ መዳፍ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ያሹት። ቀጥሎም በወፍራም የጥጥ ሸራ ላይ 20 ጊዜ፣ በቆዳው ላይ ደግሞ 50 ጊዜ ያህል፣ ጀርባው እየመራ ስለቱ እየተከተለ፣ ሳይጫኑ ያመላልሱት። ፍጥነት ኋላ ይመጣል። ቆዳውን ጭስና ጥላሸት ካለበት ማድ ቤት አይስቀሉት፤ አንዲት የደረቀች ብናኝ ስለቱን ልትሸርፍ ትችላለች።

ይህን ሁሉ አድርገው ምላጩ አሁንም ጺም የሚነጭ ከሆነ ጉድለቱ የቆዳው አይደለም፤ ማፋጫ ቆዳ የተሳለን ስለት ያስተካክላል እንጂ የደነዘዘን አይስልም። ከቆዳው የቆጠቡትን ገንዘብ የላመ መሳያ ድንጋይ ይግዙበት፣ ወይም ምላጩን መጀመሪያ ለሚያውቅ ሰው ሰጥተው ያስሉት። ቆዳውን ሲሰነጥቁት ደግሞ ወዲያው አይጣሉት፤ ጥልቅ ካልሆነ የተነሣውን ጠርዝ በኮላ አጣብቀው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቢያስተካክሉት ያገለግላል፤ የእኔው እንደዚያ ሆኖ ሁለት ዓመት አገልግሎኛል።